ዘር የተቆጠረለት የጨዋታ ባሌ

«የምርሽን ነው ወይስ እየተጫወትሽ ነው?»

ይህን የጠየቀኝ ሰው፣ ሲጠይቀኝ ተኩላ ላይ ተቀምጧል። ራሱ ላይ ባለቀንድ የብረት ቆብ ደፍቷል፣ በአንድ እጁ ከቁመቱ የሚበልጥ ሰይፍ ይዟል፣ ከኋላው ደግሞ አንድ መንደር ይቃጠላል። እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። እንዲህ ሆኖ ለሚጠይቅ ሰው ምን ይመለስለታል? እኔ «ተው ባክህ፣ ከኋላህ ጭራቅ እየመጣብህ ነው» አልኩት። ጭራቁ ደግሞ እውነትም እየመጣ ነበር። ስለዚህ አልዋሸሁም። ግን አልመለስኩለትም።

ትዕግስት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ቢሆንም ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩ ሰሞን ነው። ፋርማሲ ነው የተማርኩት። ካርቱም ተወልጄ፣ ካርቱም ተምሬ፣ ካርቱም ተመርቄ፣ ስራ ፍለጋ ስዞር ግን በየመድኃኒት ቤቱ የሚጠብቀኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ኢቃማሽስ?» መኖሪያ ፈቃዴን አወጣለሁ። «የስራ ፈቃድሽስ?» እሱ የለኝም። «እሱን ለማውጣት ምን ያስፈልጋል?» ስላቸው «ስራ» ይሉኛል። ኸላስ፣ በቃ፣ ዲግሪዬን አቅፌ ቤቴ ገባሁ። ቤቴ ማለት ካርቱም ሁለት የሚባል ሰፈር፣ ከአንድ ፎቅ ጀርባ የተለጠፈች፣ እናቴና እኔ የምንኖርባት አንድ ክፍል ናት። እናቴ አል-ማንሺያ ሰፈር ሀብታም ቤት ምግብ ታበስላለች። የምታርፈው ዓርብ ብቻ ነው። አባቴ እኔ ገና ዳዴ ስል ነው የሞተው።

ስለ እናቴ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ኋላ ስለምፈልገው። እናቴ ዘመድ የላትም። ሲባል እንደ ወሬ ነው የሚሰማው፣ ግን የምሬን ነው፣ የላትም። ልጅ ሆና ነው በመተማ የወጣችው። ቤተሰቧ ከፊሉ አልቋል፣ ከፊሉ ተበትኗል፣ የቀረውም አድራሻው ጠፍቷል። በዓል በመጣ ቁጥር ጎረቤቶቻችን «የአክስቴ ልጅ መጣ፣ የአጎቴ ሚስት ወለደች» ሲሉ እሷ የጎረቤቶቻችንን የአክስት ልጆች ታስተናግዳለች። ከአገሯ ስትወጣ ሻንጣ አልነበራትም። ይዛ የመጣችው የአያቶቿን ስም ብቻ ነው። እሱንም እንዳይጠፋባት እቃ ስታጥብ እያነበነበች ትቆጥረዋለች። እኔ ልጅ ሆኜ ጸሎት ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ስራ ፈትቼ ጣሪያ ጣሪያ ሳይ፣ ኢስራ ደረሰችልኝ። ኢስራ አብራኝ የተማረች ሱዳናዊት ጓደኛዬ ናት። «አንቺ እንዲህ ተጋድመሽ ከምታብጂ» ብላ ስልኬ ላይ ጨዋታ ጫነችልኝ። ሰው ትፈጥራላችሁ፣ ልብስ ታለብሱታላችሁ፣ ሙያ ትሰጡታላችሁ፣ ከዚያ ከዓለም ዙሪያ ከመጡ ስራ ፈቶች ጋር ሆናችሁ ጭራቅ ትገድላላችሁ። እኔ ፈዋሽ ሆንኩ። የፋርማሲ ዲግሪዬ አገልግሎት ላይ የዋለው እዚያ ብቻ ነው። ኢስራ ደግሞ፣ ሰላሳ ሁለት ጥርሷ የሚስቅ ቀጭን ልጅ፣ ጺሙ ጉልበቱ የሚደርስ መጥረቢያ ያዥ ድንክ ሆነች። «ለምን?» ብላት «ሴትነትማ ቤትም አለኝ» አለችኝ።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ ትልቁ ነገር ጭራቅ መግደል እንዳይመስላችሁ። ትልቁ ነገር ትዳር ነው። ሁሉም ሰው ስለ ጋብቻ ነው የሚያወራው። አብራችሁ ስትዋጉ የፍቅር ነጥብ ይጠራቀማል፣ ነጥቡ ሲሞላ ቀለበት ትፈልጋላችሁ፣ ቀለበቱን ደግሞ የዋጠ አንድ ዘንዶ አለ፣ እሱን ገድላችሁ ቤተ መቅደስ ትሄዳላችሁ፣ አንድ ኮምፒውተር የሆነ ቄስ ሁሉንም ያለ ምንም ጥያቄ ያጋባል። ቤት ይሰጣችኋል። ከሁሉ በላይ ግን ሚስት የሆነች ሰው አንድ ስልጣን ታገኛለች። ባሏ የትም ይሁን የት፣ አንድ ቁልፍ ስትነካ ከፊቷ ዱብ ይላል። ባልን መጥሪያ ቁልፍ! በካርቱም፣ በአዲስ አበባም፣ ይህን የመሰለ ስልጣን ያላት ሴት ካለች ትንገረኝ።

እኔ ያገባሁት ለቁልፉ ነው። እንዲህ እል ነበር እንግዲህ።

ባሌ ባለተኩላው ነው። ለብዙ ጊዜ የሩቅ አገር ፈረንጅ መስሎኝ በእንግሊዝኛ ስሰባበርለት ከርሜአለሁ። አንድ ቀን ገደል አፋፍ ላይ ጭራቅ ሲወረውረው በማይክሮፎኑ «ኧረ በማርያም!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ደንግጬ «ሀበሻ ነህ እንዴ?» ስለው፣ ገደል ውስጥ ሞቶ ተጋድሞ፣ «አንቺም?» አለኝ። ዳዊት ይባላል። የወሎ ልጅ ነው። እዚሁ ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር አንድ ቪላ ዘበኛ ነው። በር ዳር ካለችው ክፍሉ ሆኖ የአሰሪው ልጅ በጣለው ላፕቶፕ፣ በአሰሪው ኔት ይጫወታል። ስለዚህ ጦርነት መሃል ድንገት እንደ ሐውልት ይደርቃል። የመኪና ጥሩምባ ተነፍቶ በር ሊከፍት ሄዷል ማለት ነው። የኛ ሠራዊት ስንት ጊዜ በሙዲሩ፣ በአሰሪው፣ መኪና ምክንያት ተደምስሷል መሰላችሁ። በሠርጋችን ቀን እንኳ ቄሱ «ትቀበላታለህ?» ሲለው ደረቀ። እንግዶቹ ሁሉ፣ አንድ ብራዚላዊ ሳይቀር፣ ቆመን ጠበቅነው። ሲመለስ «ይቅርታ፣ እቃ አወርድ ነበር። ምን ነበር ያለው?» አለኝ።

ታዲያ ከዚህ ሰው ጋር ሰው እንዴት ሳይስቅ ይኖራል? ጭራቅ መግደሉን ትተን ማውራት ጀመርን። የተሰጠን ቤት ደጃፍ ላይ፣ እሱ ከነሰይፉ እኔ ከነክንፌ ቁጭ ብለን፣ አሰሪው ስለሚቆጣበት ነገር፣ ስለ ካህረባ፣ ስለ መብራት መጥፋት፣ ስለ እናቱ ሞት እናወራለን። የተቃውሞ ሰልፍ ባለ ቀን ኔት ሲቋረጥ ስልኬን ይዤ እንደ እብድ ግድግዳ ለግድግዳ እሄዳለሁ። ጨዋታው ናፍቆኝ ነው እላለሁ። ኔት ሲመለስ ግን መጀመሪያ የምነካው ያቺን ቁልፍ ነው።

ያን ጥያቄ የጠየቀኝ እንግዲህ እንዲህ ሆነን ከከረምን በኋላ ነው። ጭራቁን ገደልን። መንደሩ መቃጠሉን ቀጠለ። እሱ ሰይፉን ትከሻው ላይ አጋደመና፣ «እሺ። እንግዲያው በደንቡ ነው የምጠይቀው» አለ።

«በምን ደንብ?»

«በአገራችን ደንብ። ለዓርብ ሽማግሌ እልካለሁ።»

«የት ነው የምትልከው?»

«እዚሁ ነዋ። ሌላ በየት አውቅሻለሁ?»

ቀልድ መሰለኝ። ዓርብ ከሰዓት ኔት ሲገባልኝ ሶስት ሽማግሌዎች በጨዋታው የተሰጠን ቤት ደጃፍ ላይ ተሰልፈዋል። አንደኛው ኢስራ ናት፣ ድንኩ፣ መጥረቢያዋን ለክብር ከኋላዋ ደብቃለች። ሁለተኛው የማላውቀው ሽማግሌ ጠንቋይ ነው። ሶስተኛው ድብ ነው። ዳዊት የሚያረባው ድብ ሲሆን ቁጥሩን ሶስት ለማድረስ ነው የመጣው። ሙሽራው ራሱ እንደ ደንቡ አልመጣም። አጥር ጀርባ ቆሟል። የተኩላው ጅራት ግን ይታያል።

የጆሮ ማዳመጫዬ ከተበላሸ ሰንብቷል፣ ስለዚህ ድምፁ በስፒከር ነው። እናቴ አልጋው ላይ ልብስ ታጣጥፋለች።

«እንደምን ዋላችሁ ቤቶች» አለ ስልኬ፣ ጎርነን ባለ የትልቅ ሰው ድምፅ።

ጠንቋዩን የሚያንቀሳቅሱት የዳዊት ጓደኛ ጋሽ ተፈራ ናቸው። የጎረቤት ቪላ አትክልተኛ ናቸው፣ ሃምሳውን ያለፉ ሰው። የዳዊትን ስልክ ጨብጠው ከጎኑ ተቀምጠዋል። ጨዋታ ብሎ ነው የነገራቸው። ሽማግሌነት ግን በሳቸው ቤት ጨዋታ የለውም።

እናቴ የያዘችውን አንሶላ ለቀቀች። «ማነው?»

«ማንም አይደለም እማ። ጨዋታ ነው።»

«ሰው በር ቆሞ እንደምን ዋላችሁ እያለ ማንም አይደለም ይባላል? ምን ዓይነት ልጅ ነው ያሳደግኩት!» ብላ ወደ ስልኬ ጮኸች፤ «እግዚአብሔር ይመስገን! እናንተስ ደህና ናችሁ? ግቡ!»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንገባም» አሉ ጋሽ ተፈራ።

እናቴ የምትለውንም የምትሆነውንም ከእኔ በላይ ታውቃለች። ነጠላዋን ጎትታ አጣፋች፣ ስልኬን ከእጄ ነጥቃ ቴርሞሱ ላይ አስደግፋ አቆመችው፣ ከፊቱ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። እኔን በዓይኗ ወደ ጓዳ ሸኘችኝ። ጓዳ የለንም። መጋረጃ ጀርባ ገባሁ።

«ይሄ ጺሙን ያሳደገው አባት ማናቸው?»

«ኢስራ ናት እማ።»

«ዝም በይ! ሽማግሌ አይሰደብም።»

ኢስራ ከምታውቃቸው ሶስት የአማርኛ ቃላት አንዱን መርጣ በቀጭን ድምጿ «ደህና ነሽ?» አለች። እናቴ ጎንበስ ብላ አጸፋውን መለሰች። ለድቡም ጎንበስ አለች።

ጋሽ ተፈራ ጀመሩ። «እንግዲህ የመጣነው ለመልካም ነገር ነው። እናንተ ቤት አንዲት ልጅ አለች፣ እኛ ቤት አንድ ልጅ አለ...» እያሉ ሳለ የማይነካ ነገር ነክተው መሰለኝ ጠንቋዩ ሽቅብ ዘለለ።

«ምነው አባት፣ ተቀመጡ እንጂ!» አለች እናቴ።

«አንቀመጥም፣ መልስ ሳናገኝ» ብለው ደግመው ዘለሉ። እንዴት እንደሚቀመጥ አያውቁትም።

እኔ መጋረጃ ነክሼ እስቃለሁ። ትንሽ ቆይቼ ግን ሳቄ የት እንደሄደ አላውቅም። እናቴ «ልጃችሁ ባህሪው እንዴት ነው?» ስትል፣ ጋሽ ተፈራ «ልጄ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ያላንዳች ነውር የኖረ ነው። ማታ ማታ ሲስቅ እሰማዋለሁ፣ የሚስቀውም ከናንተ ልጅ ጋር ነው» አሉ። ቀስ ብዬ መጋረጃውን ለቀቅኩ። ያኔ ነው የገባኝ። እናቴ እሺ እንድትል ፈልጌአለሁ። ይቺን ነገር ከዲግሪዬ አብልጬ ፈልጌአታለሁ።

«ሃይማኖቱስ?»

«ማተብ ያሰረ ነው።»

«አገሩስ?»

«ወሎ። ወረኢሉ።»

«ወረኢሉ!» እናቴ ፈገግ አለች። ፊቷን ከመጋረጃው ቀዳዳ ነው የማየው። የሷም አገር ነዋ። እሺ ልትል ነው ብዬ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። «እንግዲያው ዘሩን ቁጠሩልኝ» አለች።

ይሄ ደንብ ነው፣ ታውቁታላችሁ። እስከ ሰባት ቤት ካልተቆጠረ አይጋቡም። ጋሽ ተፈራ «ዳዊት! ናና ቁጠር!» ብለው ተጣሩ። ሙሽራው ከነተኩላው አጥር ዘልሎ መጣ።

«ዳዊት ታደሰ» አለ። «ታደሰ አሊ። አሊ ይመር።»

እናቴ በአሊም በይመርም አልደነገጠችም። የወሎ ሰው ናት። በነሱ ቤት አንዱ ሁዳዴ ሲጾም አንዱ ረመዳን ይጾማል፣ ለፍስኩ ግን አንድ ላይ ይቀመጣሉ።

«ይመር በሽር። በሽር ጎበዜ።»

የእናቴ እጅ ነጠላዋ ላይ ቆመ። «የቱ በሽር ጎበዜ?»

«የቱ ማለት?»

«ሁለት ሚስት የነበሯቸው?»

«እንደሱ ሰምቻለሁ።»

«ግራ እጃቸው...»

«አዎ፣ ሁለት ጣት የላቸውም ይባላል። ጅብ ነው የበላቸው ይላል አባቴ።»

«ምን ሲደረግ ጅብ!» እናቴ ብድግ አለች። ቴርሞሱ ከነስልኩ ወደቀ። «ወጥመድ ነው! የገዛ ራሳቸው ወጥመድ ነው! አፍረው ነው ጅብ ያሉት! እኔ አስካለ መኮንን እንድሪስ በሽር ጎበዜ ነኝ!»

ከዚያ እልል አለች። እንዲህ ያለ እልልታ ከእናቴ ወጥቶ አያውቅም። ከላይ ፎቅ ያሉት ሱዳኖች ሰምተው እነሱም ተቀበሏት፤ ሱዳን እልልታ ሲሰማ ምክንያቱ አይጠየቅም። ስልኬን ከወለል አንስታ ትስመዋለች። ድቡን ትስመዋለች። «ልጄ! የኔ ስጋ! የት ነበርክ?» ትላለች። «የት ነህ? አል-ጣኢፍ? በራክሻ እኮ ነው የምትደረሰው! ያን ሁሉ ዘመን!» እያለች ታለቅሳለች።

እኔ መጋረጃ ጀርባ በጣቴ እቆጥራለሁ። እናቴ፣ አያቴ መኮንን፣ ቅድመ አያቴ እንድሪስ፣ በሽር። በሱ በኩልም አራት። ሰባት ለመድረስ ሶስት ቤት ጎደለን። እንደገና ቆጠርኩ። ፈተና ላይ ስሌት ሲሳሳትብኝ እንደማደርገው ከታች ወደ ላይ ቆጠርኩ። ያው ነው።

ኢስራ በአረብኛ ትጮኻለች። «ምን ተፈጠረ? እምቢ አሉ እንዴ?»

«ዘመድ ሆነን ተገኘን» አልኳት። «ቅድመ አያቶቻችን ወንድማማቾች ናቸው።»

«ወላሂ? ታዲያ መብሩክ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ ነዋ! ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? እናትና አባቴ የወንድማማች ልጆች ናቸው! እኔንስ የአጎቴ ልጅ አይደል የሚጠብቀኝ? ለዘመድ ካልተሰጠ ለማን ይሰጣል?»

ስልኩን ከእናቴ እጅ ወስጄ የኢስራን ድምፅ ብቻ ዘጋሁት። እሷ የምታገባበት ምክንያት ለኔ የማላገባበት ነው። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ክፍል ተምረን።

ጋሽ ተፈራ በመጨረሻ፣ «እንግዲህ ሚስት ልንጠይቅ መጥተን ዘመድ አግኝተን ሄድን። እሱም ደግ ነው» አሉ። ድምፃቸው ግን ደግ ነው አይልም። ተኩላው ብቻውን ክብ እየሰራ ይዞራል።

እኔ እጄን አጣጥፌ የምቀመጥ አይደለሁም። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ የንስሐ አባታችንን ያዝኳቸው። «አባ፣ አንድ ጓደኛዬ ናት፣ የምትወደው ልጅ በአራተኛ ቤት ዘመድ ሆኖ ተገኘባት።»

«ትተወው።»

«ሳያውቁ ነው እኮ የተዋደዱት።»

«ስላላወቁ አይፈረድባቸውም። አሁን ግን አወቁ።»

«ሶስት ቤት እኮ ነው የጎደለው አባ!»

መስቀላቸውን ወደ ግንባሬ አመጡና፣ «ጓደኛሽን በርቺ በያት ልጄ» አሉኝ። ጓደኛዬ መስቀሉን ስማ እያለቀሰች ወጣች።

በቀጣዩ ዓርብ ዳዊት ምሳ መጣ። ጋሽ ተፈራ በር ጠብቀውለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው። ተኩላም ቀንድም የለውም። ቀጭን ነው፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል፣ ፀጉሩን ገና የተስተካከለ መሆኑ ከጆሮው ኋላ ያስታውቃል። የተስተካከለው ለኔ ብሎ ይሁን ለዘመዱ አላውቅም። እናቴ ሳመችው፣ ሳመችው፣ ከዚያ ወደኔ ገፋችው። «ወንድምሽን ሳሚው እንጂ፣ ምን ትገተሪያለሽ!»

ሳምኩት። ሶስት ጊዜ፣ ጉንጭ ለጉንጭ። የሳሙና ሽታ አለው። ባሌን የሳምኩት በዚህ መልክ ነው።

ሆዱ እስኪወጠር አበላችው። እናቴ እያጎረሰች ትጠይቃለች፣ እሱ መልስ ሊሰጥ ሲል ደግማ ታጎርሰዋለች። ከዚያ ትክ ብላ አየችውና፣ «አንተ ልጅ፣ እስከ መቼ ነው ብቻህን የምትኖረው? እኔ እያለሁ! ደህና ልጅ ነው የምፈልግልህ» አለችው። ወደኔ ዞራም «ከጓደኞችሽ ጨዋ የሆነች የለችም?» አለችኝ።

«አለች» አልኩ። «ድንክ ናት። ጺም አላት።»

ዳዊት ትን አለው። እናቴ ጀርባውን እየመታች፣ «ለመሆኑ እዚያ ስልክ ውስጥ ምን ነበር የምትሆኑት?» አለች።

መዋሸት አልችልበትም። «ባልና ሚስት።»

የምሄድበት እስኪጠፋኝ አየችኝ። «እስካሁን?»

«እስካሁን።»

«ከወንድምሽ ጋር? ጨዋታም ቢሆን ነውር አይደል? ሰው ምን ይላል!»

«የትኛው ሰው እማ? ብራዚላዊው?»

«የትኛውም ይሁን! ትፈቱታላችሁ። ዓይኔ እያየ ትፈቱታላችሁ!»

ሻይ ሳይጠጣ ተነሳ። እስከ መንገዱ ሸኘሁት። ራክሻ፣ ያቺን ባለሶስት እግር ታክሲ፣ ስንጠብቅ እሱ መሬት መሬቱን ያያል። እኔ ነኝ የጀመርኩት። «ለምን አንጠፋም?»

«የት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ግብፅ፣ ገሃነም። ማን ይቆጥርብናል?»

ፈገግ አለ። ፈገግታው በጨዋታው የለም፤ እዚያ ሁሌ ጥርሱን የገጠጠ ነው የሚመስለው። «እትዬ አስካለ በየጠዋቱ እየደወለች ቁርስ በላህ ወይ ትለኛለች» አለ። «እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። እንዴት አድርጌ ነው ከሷ ልጅ ሰርቄ የምጠፋው?»

እኔም መጥፋቱን ተውኩት። ምክንያቱም በሳምንቱ መሃል እናቴ እቃ እያጠበች፣ እንደ ድሮው ስም መቁጠሯን አቁማ፣ እንዲህ አለችኝ። «አሁንስ ብሞትም አይከፋኝ። የሚቀብረኝ የስጋ ወንድ አገኘሁ።» ይህን የምትለውን ሴት ምን ትሏታላችሁ? «ቀባሪሽን ለባልነት እፈልገዋለሁ» ትሏታላችሁ? ራክሻው መጣ። «ያላ፣ ደህና ዋይ» አለኝ። «እህቴ» ሊል ሞክሮ አፉ ላይ ቀረበት። አመሰገንኩት፣ በሆዴ።

ፍቺው በቀጣዩ ሳምንት ዓርብ ከሰዓት ሆነ። ቤተ መቅደሱ ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፣ እዚያ አንድ ጉጉት መሳይ ጸሐፊ ተቀምጧል። ሲጋቡ አበባ ይዘንባል፣ ሲፋቱ ጉጉት። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከጎኔ ተቀምጣለች። ዳዊት ተኩላውን ውጭ አስሮ በእግሩ ገባ። ጉጉቱ ምክንያት ይጠይቃል፣ ከተሰጠው መምረጥ ነው። ፍቅር አልቋል የሚል አለ። ሌላ አግኝቻለሁ የሚል አለ። በስህተት ነው ያገባሁት የሚል አለ። ባሌ ጨዋታ ትቷል የሚል ሳይቀር አለ። ቅድመ አያቶቻችን ወንድማማቾች ናቸው የሚል ግን የለም። ይህን ጨዋታ የሰሩት ሰዎች፣ ያን ሁሉ ጭራቅ አስበው የፈጠሩ ሰዎች፣ ይሄ አልታሰባቸውም።

«የቱን ልንካ?» አልኩት።

«ፍቅር አልቋል የሚለውን አትንኪ» አለኝ ቶሎ ብሎ።

እናቴ ከጎኔ ጉሮሮዋን ጠረገች። ፊቷን አላየሁም።

ሌላ ምክንያት የሚለውን ነካሁ። ጉጉቱ «እርግጠኛ ነሽ?» ይላል። አዎ። «እርግጠኛ ነህ?» ዳዊትን ይጠይቃል። ብዙ ቆየ። ኔት የተቋረጠ መሰለኝ። አዎ አለ። ቀለበቱ ከጣቴ ላይ ጠፋ፣ ባልን መጥሪያዋ ቁልፍ ከስልኬ ጥግ ጠፋች፣ የተሰጠን ቤት ከካርታው ላይ ጠፋ። ሁሉም ነገር ያለ ድምፅ ነው የጠፋው። እኔ እንኳ ትንሽ ነገር ይሰበራል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«አለቀ?» አለች እናቴ።

«አለቀ።»

«እንዲያው...» አለችና ተወችው። እጇን ጉልበቴ ላይ አደረገች። ስራ ያጠነከረው እጅ ነው፣ ከብዶኛል። «እንዲያው ልጄ፣ ጨዋታ መስሎኝ ነበር እኮ» አለች፣ ዝግ ብላ።

ዳዊት አልወጣም። እኔም አልወጣሁም። ጉጉቱ ከመካከላችን ሆኖ ዓይኑን ያርገበግባል። በስፒከሩ የዳዊት ትንፋሽ ይሰማል፣ የአል-ጣኢፍ ወፎች ይሰማሉ። ሊሰናበተኝ ቃል የሚፈልግ መሰለኝ። እናቴ እጇን ከጉልበቴ አላነሳችም። እኔም ስልኩን ከቴርሞሱ ላይ አንስቼ ወደ አፌ አስጠጋሁት።

«ዳዊት» አልኩት።

«ወዬ።»

«የምሬን ነበር።»